ስለ አውሮፓ ወንዞች ባርቤል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ መልኩ ለምን ይለያያል፣ ዝርያውንስ በምን እንለየዋለን?

ጀርመን ማይን ወንዝ ዳር ነው የምኖረው፣ አሳ ማጥመድ ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ባርቤል ልቤን የያዘው አሳ የለም። እዚህ አውሮፓ ያሉ ያገር ልጆች ፎቶ እየላኩ "ይሄ ምንድነው፣ ካለፈው ሳምንቱ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ" ይሉኛል፣ እኔም ያንኑ መልስ ደጋግሜ ስጽፍ ስለከረምኩ ሁሉንም እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባርቤል የሚባለው የትኛው አሳ ነው?

ከካርፕ ቤተሰብ ነው። ረዘም ያለ፣ ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ፣ አፉ ከአፍንጫው ስር ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈሩ ወፍራም፣ አራት ጢም ያለው የወንዝ አሳ ማለት ነው። ጀርመኖች ባርበ ይሉታል፣ ስሙ የመጣውም ከላቲኑ "ጢም" ከሚለው ቃል ነው። ጠጠር ያለበት፣ በደንብ የሚወርድ ውሀ ይወዳል፣ ወለሉን በጢሙ እየዳሰሰ የነፍሳት እጭ፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ ምናምን ይለቅማል። የሳይንስ ስሙ ባርበስ ባርበስ ነው፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ሲመዘግበው ግን ከካርፕ ጋር አንድ ወገን ውስጥ ነበር የከተተው። 50 እና 60 ሳንቲሜትር የሚሆን ብዙ ጊዜ ይያዛል፣ ከዚያ በጣም የሚበልጥም አለ። የወንዝ ባለሙያዎች የወንዝን መካከለኛ ክፍል "የባርቤል ዞን" ብለው ነው የሚጠሩት፣ ከሱ በላይ ያለው በትራውትና በግሬይሊንግ፣ ከሱ በታች ያለው በብሪም፣ በሌሎች አሳዎች ስም ይጠራል፣ በዚህ ብቻ ምን ያህል የዚህ አህጉር ወንዞች ምልክት እንደሆነ ይገባችኋል።

ጢም ያለው ሁሉ ባርቤል ነው?

አይደለም፣ ጢሙን ቁጠሩት። ባርቤል ሁለት ጥንድ ነው ያለው፣ አንዱ ጥንድ ከላይኛው ከንፈር ፊት ላይ፣ አንዱ ከአፉ ጥግ። ጀርመኖች ግሩንድሊንግ የሚሉት ትንሽ አሳ ከባርቤል ጫጩት ጋር በጣም ይምታታል፣ እሱ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። ሎች የሚባለው ትንሽ የወለል አሳ ስድስት ጢም አለው። ካርፕ እንደ ባርቤል አራት አለው፣ ግን የጀርባ ክንፉ ረጅም ነው፣ ግማሽ ጀርባውን ይይዛል፣ የባርቤል አጭር ነው። የአውሮፓው አምባዛ ደግሞ ጭራሽ ቅርፊት የለውም፣ ስለዚህ መጽሐፉ "ክንፍና ቅርፊት ያለው" ስለሚል እሱን አንነካም የምትሉ፣ ባርቤል ሁለቱንም ያሟላል።

ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን ሁለት ባርቤል ያዝኩ፣ አንዱ ቀጭንና ነጠብጣብ ያለበት ነው ሌላው ወፍራምና ወርቅማ። ሁለት ዝርያ ናቸው አይደል?

ብዙውን ጊዜ አይደሉም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ "አይነት አንድ" እና "አይነት ሁለት" እያልኩ አንድ ሙሉ በጋ መዝግቤያለሁ፣ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ አጥማጅ ሁለቱንም አሳ እጄ ላይ አስይዞ የጀርባ ክንፋቸውን እንድዳስስ ሲያደርገኝ ነው አንድ መሆናቸው የገባኝ። ያን ቀን የተማርኩትን ነው አሁን የምነግራችሁ።

አንደኛ እድሜ ነው። ትንሽ ባርቤል ጎኑ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት፣ እያደገ ሲሄድ እየደበዘዙ ይጠፋሉ፣ ትልቁ ንጹህ ነሐስ ወይ የወይራ ቅጠል ቀለም ሆኖ ይቀራል። አይኑም ከጭንቅላቱ አንጻር ትንሹ ላይ ትልቅ ይመስላል፣ ትልቁ ላይ ትንሽ፣ ስለዚህ የአንድ አመቱንና የአስር አመቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ወንድማማች ናቸው ብላችሁ አትገምቱም።

ሁለተኛ ፆታ። ሴቷ ከወንዱ በጣም ትበልጣለች፣ ወንዱ ገና በ3 እና በ4 አመቱ ትንሽ ሆኖ ለመራባት ሲደርስ እሷ ተጨማሪ አመታት እያደገች ትቆያለች። እና ወቅቱም አለ፣ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ውሀው ሞቅ ሲል እንቁላል የተሸከመች ሴት ሆዷ ተነፍቶ ክብ ትሆናለች፣ እንቁላሏን ጠጠሩ ላይ ጥላ ከጨረሰች በኋላ ያቺው አሳ ሆዷ ሟሾ ስትያዝ ሌላ አሳ ነው የምትመስለው። ወንዱ በዛው ሰሞን ጭንቅላቱ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል፣ በሽታ ነው ወይ ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፣ በሽታ አይደለም፣ የመራቢያ ጊዜ ምልክት ነው፣ ይጠፋል።

ሶስተኛ ውሀው። ጥርት ባለና ወለሉ ጠቆር ባለ ወንዝ ውስጥ ያደገ ባርቤል ጠቆር ይላል፣ ድፍርስ ውሀ ውስጥ ያለው ገርጣ ይላል፣ ባልዲ ውስጥ ትንሽ የቆየ እንኳ ቀለሙ ይለወጣል። ጅረቱ የሚያስጨንቀው ቦታ የሚኖረው ቀጠን ብሎ ጡንቻማ ይሆናል፣ ከግድብ በታች ረጋ ባለ ገንዳ ውስጥ ምግብ ጠግቦ የሚኖረው ደግሞ ይወፍራል። ይሄ ሁሉ የኑሮው ውጤት እንጂ የዘሩ አይደለም።

ስለ ወርቅማው ደግሞ፣ አልፎ አልፎ ጥቁሩ ቀለም የጎደለው ቢጫ ወይ ብርቱካን የሚመስል ባርቤል አለ፣ በትውልድ የሚመጣ የቀለም ጉድለት ነው፣ ዝርያው ያው ነው።

እሺ መልኩ ካታለለኝ ታዲያ ምኑን ልይ?

አንድ ምልክት ይዛችሁ አትፍረዱ። እኔ አምስት ነገር ነው የማየው፣ አምስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካላመለከቱ "አላውቅም" ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የጀርባ ክንፉ። ከፊት በኩል ካሉት ቅርንጫፍ ከሌላቸው የክንፍ አጥንቶች የመጨረሻውን፣ ረጅሙን ያዙ። በተለመደው ባርቤል፣ ማለትም በባርበስ ባርበስ ላይ፣ ይሄ አጥንት ጠንካራ ነው፣ የኋላ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ጥፍራችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብታስኬዱበት ይቆረቁራል፣ መረብ ውስጥ ሲገባ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። የተራራ ጅረቶቹ ትናንሽ ባርቤሎች ላይ ግን አጥንቱ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል፣ ጥርስ የለውም። ጣልያን ፖ ወንዝ ያለው ባርበስ ፕሌቤየስ በሁለቱ መሀል ነው፣ ጥርሱ ደከም ያለ ነው።

ሁለተኛ ቅርፊቱን መቁጠር ነው፣ እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ። ሶስተኛ ከሆዱ ስር ወደ ጭራው ያለውን ክንፍ ወደ ኋላ አጥፉት፣ ባርበስ ፔቴኒ በሚባለው የዳኑብ ገባሮች ባርቤል ላይ ጫፉ የጭራውን ስር ይነካል፣ በተለመደው ባርቤል ላይ አይደርስም። አራተኛ የታችኛውን ከንፈር እዩ፣ የተለመደው ባርቤል ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ መሀሉ ላይ ትራስ የመሰለ እብጠት አለው። ነጠብጣቡን ከዚህ ጋር አብሬ ነው የማየው፣ ትልቅ ሆኖም ጎኑና ክንፉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያልለቀቀው አሳ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል፣ ለብቻው ግን ማስረጃ አይሆንም።

አምስተኛው ወንዙ ነው። አሳው ከየትኛው ወንዝ ተያዘ፣ ያ ወንዝስ ወዴት ነው የሚፈሰው፣ ወደ ሬይን ነው ወደ ዳኑብ ወደ ሮን ወይስ ወደ አድሪያቲክ? ሰው ይሄንን ሳይነግረኝ ፎቶ ብቻ ሲልክ እኔም ምንም አልለውም፣ ምክንያቱም ባርቤል ተራራ አይሻገርም፣ ባህርም አይዋኝም፣ በወንዝ ተፋሰስ የታጠረ አሳ ነው።

ቅርፊት እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ከስንጥቡ ኋላ ተነስቶ በጎኑ መሀል እስከ ጭራው ስር የሚሄድ መስመር አለ፣ መስመሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቅርፊት ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ያላቸውን ብቻ ቁጠሩ፣ የጭራው አጥንት የሚጀምርበት ጋ ስትደርሱ አቁሙ። በተለመደው ባርቤል ላይ ከ55 እስከ 65 አካባቢ ነው፣ የደቡብ ፈረንሳዩ ባርበስ ሜሪዲዮናሊስ ግን ቅርፊቱ ከሰውነቱ አንጻር ተለቅ ስለሚል ቁጥሩ ያንሳል፣ 50 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱንም ጎን ቁጠሩ፣ ግራና ቀኙ እኩል ላይመጣ ይችላል፣ ተነቅሎ እንደገና የበቀለ ቅርፊትም ያሳስታል። በህይወት ያለ አሳ ላይ እጃችሁን አርጥባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ቤት ገብታችሁ ብትቆጥሩ ይሻላል።

አውሮፓ ውስጥ ስንት ዝርያ አለ? ለምንስ ሰሜን አንድ ሆኖ ደቡብ በዛ?

ጠቅላላ ከ20 በላይ ነው። ከፈረንሳይ እስከ ዩክሬን ባሉት ትልልቅ ወንዞች፣ ሬይን፣ ኤልብ፣ ኦደር፣ ቪስቱላ፣ ዳኑብ፣ በዋናነት የምታገኙት ባርበስ ባርበስን ነው። ደቡብ ስትወርዱ ግን በየሸለቆው ሌላ ነው፣ ጣልያን ፖ ላይ ባርበስ ፕሌቤየስ፣ ወደ ሮም በኩል ባርበስ ታይበሪነስ፣ የፖ የላይኛው ገባሮች ላይ ትንሹ ባርበስ ካኒነስ፣ ግሪክና ባልካን ውስጥ ደግሞ ባርበስ ፔሎፖኔሲየስ፣ ባርበስ መቄዶኒከስ፣ ባርበስ ፕሬስፔንሲስ እያለ ይቀጥላል።

ምክንያቱ በረዶው ነው። በበረዶ ዘመን የሰሜን ወንዞች ለባርቤል አይመቹም ነበር፣ ዘረመሉ የሚያሳየው ባርበስ ባርበስ ዳኑብ አካባቢ ተጠልሎ ቆይቶ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ምዕራብ እንደተስፋፋ ነው። በቅርቡ ከአንድ መጠለያ ስለወጣ ከፈረንሳይ እስከ ፖላንድ ያለው እርስ በርሱ ብዙ አይለይም። የጣልያኑ፣ የግሪኩና የስፔኑ ግን በአልፕስ፣ በፒሬኒስና በባልካን ተራሮች ተከልለው በየወንዛቸው እጅግ ረጅም ዘመን ለብቻቸው ቆይተዋል፣ መዋለድ ሳይኖር ስለቀረ ተለያዩ።

እንግሊዝ ያለሁት ሰው ነኝ፣ የሴቨርንና የትሬንት ባርቤል ይለያያሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

ዝርያቸው አንድ ነው። ባርቤል እንግሊዝ ውስጥ ተፈጥሯዊ የሆነው ወደ ምስራቅ በሚፈሱት ወንዞች ነው፣ ቴምስ፣ ትሬንት፣ የዮርክሻየር ወንዞች፣ ባህሩ ዝቅ ባለበት ዘመን እነዚህ ከሬይን ጋር ስለተገናኙ። ሴቨርን ውስጥ ያለው ግን በ1956 የቴምስ ገባር ከሆነው ከኬኔት ወንዝ ተወስዶ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ ሴቨርን ላይ የምታዩት የቅርጽ ልዩነት የወንዙ ነው፣ የትውልድ ሀረጉ ኬኔት ነው።

የተራራ ጅረቶቹ ትናንሽ ባርቤሎች ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ አንድ ዝርያ አይደሉም እንዴ?

ይሄ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶቹም እንደናንተ ነበር ያሰቡት። ትንሽ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ የጀርባ ክንፉ አጥንት ለስላሳ የሆነ ባርቤል ከስሎቫኪያ እስከ ስፔን ድንበር ባሉ ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ አለ፣ የዳኑብ ገባሮቹን ፔቴኒ አንዴ የደቡብ ፈረንሳዩ የሜሪዲዮናሊስ ንዑስ ዝርያ ነው አሉት፣ አንዴ ደግሞ የግሪኩ የፔሎፖኔሲየስ ነው አሉት። ዘረመሉ ሲታይ ግን እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመዶች አይደሉም፣ በየተራራው የተለያየ ሀረግ ተመሳሳይ ጅረት ውስጥ ገብቶ ተመሳሳይ መልክ ነው የያዘው። መልክ ከጅረቱ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፣ ከዘር ብቻ አይደለም።

በዚህ አላበቃም። በ2002 ኮትሊክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፔቴኒ ይባል የነበረውን አንድ ዝርያ መርምረው ሶስት እንደሆነ አሳዩ፣ የድሮው ፔቴኒ ስሙን እንደያዘ ቀረ፣ ሁለቱ ባርበስ ካርፓቲከስና ባርበስ ባልካኒከስ ተባሉ። በ2016 ደግሞ ሩማኒያና ሀንጋሪ ድንበር አካባቢ ካለው ወንዝ ባርበስ ቢሃሪከስ ተጨመረ። እነዚህን በአይን ብቻ ለመለየት በጣም አስቸጋሪ ነው፣ የለያቸው ዘረመሉ ነው። ስለዚህ ካርፓቲያን ተራሮች ሄዳችሁ ትንሽ ባርቤል ብትይዙ "ከፔቴኒ ቡድን" ብሎ መጻፍና የወንዙን ስም መመዝገብ ሀቀኛው መልስ ነው።

ስፔን ያለው ትልቁ ባርቤልስ?

ስፔንና ፖርቱጋል ያሉት ትልልቆቹ በአሁኑ አመዳደብ ባርበስ ሳይሆኑ ሉሲዮባርበስ ናቸው፣ ወገናቸው ራሱ ሌላ ነው። ታጉስና ጓዲያና ላይ ያለው ሉሲዮባርበስ ኮሚዞ አፍንጫው ረጅም ነው፣ ካያችሁት አትረሱትም። እዛው ስፔን ውስጥ ለብቻው ዝርያ ተብሎ ስም ወጥቶለት የነበረው ሽታይንዳክነሪ ደግሞ በኋላ ከኮሚዞና ከሌላው ጎረቤቱ የተወለደ ድቅል እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ተቀብለዋል።

ድቅል ባርቤል አለ ማለት ነው? በምን ይታወቃል?

አለ፣ ለዛውም ይወልዳል፣ እንደ በቅሎ መካን አይደለም። ችግሩም እሱ ነው።

ሁለት አይነት ታሪክ አለ። ደቡብ ፈረንሳይ ኤሮ ወንዝ ተፋሰስ ላይ ከላይ ሜሪዲዮናሊስ ይኖራል ከታች ባርበስ ባርበስ፣ መሀል ላይ ሲገናኙ ይዳቀላሉ። እዛ የሚሰሩት ተመራማሪዎች ጥሩ ዘዴ ነው የተጠቀሙት፣ የክንፉን አጥንት፣ ነጠብጣቡን፣ ቅርፊቱን የመሳሰሉ ምልክቶችን እያንዳንዱን ነጥብ ሰጥተው ይደምራሉ፣ ድምሩ አንዱ ጫፍ ከሆነ ንጹህ ሜሪዲዮናሊስ፣ ሌላው ጫፍ ከሆነ ንጹህ ባርበስ ባርበስ፣ መሀል ላይ ከወደቀ ድቅል። አንድ ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ድቅል አሳ የእናቱን አጥንት ይዞ የአባቱን ነጠብጣብ ሊለብስ ይችላል።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ያሳዝናል። ጣልያን ውስጥ ሰዎች የሰሜኑን ባርበስ ባርበስ ለማጥመድ ብለው ወደ ፖ ተፋሰስ አስገቡት፣ እሱም ተስፋፍቶ ከሀገሬው ፕሌቤየስ ጋር ተዳቀለ፣ አሁን ብዙ ቦታ ንጹህ ፕሌቤየስ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሰው ሆን ብሎ ላጥፋው ብሎ አይደለም፣ "ያው ባርቤል ነው" ብሎ ነው፣ ሁሉም ባርቤል አንድ መስሎት ነው። አንድ ወንዝ ውስጥ ለሺህ ዘመናት የኖረ ዝርያ በዚህ አይነት ሲጠፋ ማየት ለኔ በጣም ከባድ ነው፣ እባካችሁ ከአንድ ወንዝ የያዛችሁትን በህይወት ያለ አሳ ወደ ሌላ ወንዝ አትውሰዱ፣ ለደግነት ብላችሁም ቢሆን። የአውሮፓ ህብረት የተፈጥሮ መኖሪያ ህግም ፕሌቤየስንና ሜሪዲዮናሊስን መኖሪያቸው ሊጠበቅላቸው ከሚገባ ዝርያዎች ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ዲኤንኤ ካስመረመርኩ በቃ አለቀ አይደል?

እንደ ምርመራው አይነት ነው። በብዛት የሚደረገው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ምርመራ ነው፣ እሱ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው፣ ስለዚህ እናቱ ባርበስ ባርበስ አባቱ ፕሌቤየስ የሆነ ድቅል በምርመራው "ባርበስ ባርበስ" ተብሎ ይወጣል፣ አባቱ ጭራሽ አይታይም። ድቅሉን ለመያዝ ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክለሱ ዲኤንኤም መታየት አለበት። እዚህ ላይ ደግሞ ባርቤል የራሱ ጣጣ አለው፣ አብዛኛው የካርፕ ቤተሰብ 50 ክሮሞዞም (ዘረመሉ የተጠቀለለበት ክር) ሲኖረው ባርበስና ሉሲዮባርበስ 100 ነው ያላቸው፣ በጥንት ዘመን ሙሉው ዘረመላቸው እጥፍ ስለሆነ፣ በዚህም ምክንያት ውጤቱን ማንበብ ከሌላ አሳ ይልቅ ይወሳሰባል። ባለሙያዎቹ ቅርጹንም ዘረመሉንም የተያዘበትን ቦታም አንድ ላይ የሚያዩት ወደው አይደለም።

የጣና ነጭ አሳ የዚህ ዘመድ ነው? በጣም ነው እኮ የሚመሳሰሉት።

ባህር ዳር ያደገ ጓደኛዬ ማይን ላይ የመጀመሪያውን ባርቤል ሲያይ "ይሄማ ነጭ አሳ ነው!" ብሎ ነበር የጮኸው፣ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። ዘመድ ናቸው፣ ግን ወንድም አይደሉም። የጣናው ድሮ ባርበስ ነበር የሚባለው፣ የዛሬ መጽሐፍ ላይ ላብዮባርበስ ነው፣ ክሮሞዞሙም 150 አካባቢ ነው፣ ከአውሮፓው በ50 ይበልጣል። ባርበስ የሚለው ስም አሁን ለአውሮፓና ለምዕራብ እስያዎቹ ነው የቀረው።

ግን "ይሄ ዝርያ ነው ወይስ የመልክ ልዩነት" የሚለው ጥያቄ ከጣና በላይ የተፈተነበት ቦታ ብዙ የለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል በ1830ዎቹ ጣና ደርሶ ብዙ አይነት ብሎ ስም አወጣላቸው። ጣልያናዊው ቢኒ በ1940 ደግሞ 10 ዝርያና 23 ንዑስ ዝርያ አደረጋቸው። በ1973 ባኒስተር የሚባል ተመራማሪ መጣና የለም፣ ይሄ ሁሉ አንድ መልኩ የሚለዋወጥ አሳ ነው ብሎ ሁሉንም ኢንተርሚዲየስ የሚል አንድ ስም ውስጥ ጠቀለላቸው። ከዚያ በ1990ዎቹ ናግልከርኬና ሲቢንግ የሚባሉ ሆላንዳውያን ከሀገራችን ሰዎች ጋር እየሰሩ፣ አሳውን በየእለቱ የሚያዩትን አጥማጆችም እየሰሙ፣ ጭንቅላቱን አፉን አካሉን ለክተው፣ ምን እንደሚበላና የት እንደሚኖር አጥንተው፣ በ2000 ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ናቸው ብለው አሳተሙ። ከነሱ ውስጥ 8ቱ አሳ በሊታ ናቸው፣ አፋቸው ውስጥ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌላቸው ለካርፕ ቤተሰብ ይሄ ብርቅ ነው። ኔድጊያ የሚባለው ከንፈሩ ሥጋ የመሰለ ወፍራም ነው፣ አክዩቲሮስትሪስ ጭንቅላቱ እንደ ጦር ሹል ነው። ሀይቁ ደግሞ ከታች በጢስ አባይ ፏፏቴ ተከልሏል፣ ወደ 40 ሜትር የሚሆነውን ፏፏቴ ከታች ያለው አሳ ወጥቶ ሊቀላቀላቸው አይችልም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ወጥተው ነው የሚራቡት፣ በዛን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ዘራቸውን እየጎዳ ነው፣ ይሄንን የምታነቡ የጣና ልጆች ካላችሁ ለአጥማጅ ዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ።

እና ልዩነቱን እዩት። አውሮፓ ላይ አንድ መልክ ብለን ያየነው ሶስት አራት ዝርያ ሆኖ ተገኘ፣ ጣና ላይ ደግሞ መልካቸው በግልጽ የሚለያዩት ዲኤንኤያቸው እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ፣ ተለያይተው የቆዩበት ጊዜ አጭር ስለሆነ። ስለዚህ ከአንዱ የተማራችሁትን ህግ በጭፍን ወደ ሌላው አትውሰዱት።

የባርቤል እንቁላል ይመርዛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እንቁላሉ ያስመልሳል፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ ክፉኛ ያሳምማል፣ አውሮፓውያን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። መቀቀልም አያድነውም ብላችሁ ያዙት። የምትበሉ ከሆነ በመራቢያ ሰሞን ተዉት፣ እንቁላሉን በሌላ ጊዜም አትንኩ። መያዝ የሚከለከልበት ጊዜና ትንሹ የሚፈቀደው ርዝመት ጀርመን ውስጥ ከክልል ክልል ይለያያል፣ ፈቃድ ያወጣችሁበት ክልል ህግ ምን እንደሚል እዩ።

ፎቶ ልኬ ልጠይቅ ብል ምን ምን ላንሳ?

ሙሉ ጎኑን ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፣ የጀርባ ክንፉን በጣታችሁ ቀና አድርጋችሁ ከቅርብ አንሱ፣ ከንፈሩን ከስር፣ ከዚያ የታችኛውን ክንፍ ወደ ጭራው አጥፋችሁ አንድ። የወንዙን ስም፣ በአቅራቢያው ያለውን ከተማ፣ ቀኑንና ርዝመቱን ጻፉልኝ። ደረቅ ሳር ወይ ድንጋይ ላይ አታስተኙት፣ እርጥብ ምንጣፍ ወይ መረቡ ራሱ ይሻላል፣ አራቱ ፎቶ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ስትለቁት ደግሞ አትወርውሩት። ባርቤል ሲያዝ እስኪዝል ድረስ ነው የሚታገለው፣ ወዲያው ከለቀቃችሁት በጀርባው ተገልብጦ ጅረቱ ሊወስደው ይችላል። ከሆዱ ስር ደግፋችሁ፣ አፉን ጅረቱ ወደሚመጣበት አዙራችሁ ያዙት፣ ስንጥቡ በደንብ መክፈትና መዝጋት ሲጀምር ጠብቁ፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይወስዳል፣ ሲበረታ ራሱ እጃችሁን ገፍቶ ይሄዳል።